ግልባጩን አሳየን

ሐረጎን ወረድነው፣ እኔና ዘምዘም፣
ጉሙ ከኋላችን ጥቂት ሲያዘግም፤
ልባችን ኪስ ገብቶ፣ ገንዘቡ ደረት ላይ፣
ቤት የጫነ መኪና ኮምቦልቻ ልናይ።

አሥራ ሁለት ዓመት በሰው ቤት ስንሰፋ፣
ኪራይ በየመስከረም እንደ ጎርፍ ሲገፋ፣
ባቲ ሰኞ ገበያ፣ ሐይቅ፣ ከሚሴ ድረስ
ሲንጀራችን አናት ላይ ተጭኖ ሲመለስ፣
እግሩ ሦስቴ ተሰበረ። በሦስተኛው ማታ
«ቤቱም ሱቁም ጎማ ይኑረው» አለች፣ ክሯን በጥርሷ በጥሳ።

መኪና ገዝተን አናውቅም።
ብስክሌት እንኳ የለንም።
የምናውቀው ጨርቅ ነው።

ደላላው ይመር ነው፤ አንገትጌው የነተበ፣
አፉ ግን አዲስ ጣቃ፣ ገና ያልታጠበ።
«አይሱዙ ነው! የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ
አሥራ አንድ ዓመት ኖረውበታል፣ እሳቸው ብቻ ነዋሪ፤
አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መብራቱ ከፀሐይ፤
ቀለሙን እዩት እስቲ!»
ቀለሙን አየነው።
አረንጓዴ ነበር፤ ጥቂቱ ቀረ እጄ ላይ።

እኔ ጎማ መታሁ፣ ሰው ሲመታ ስላየሁ፤
ምን እንደሚል ግን አላውቅም፣ «እህ» ብዬ ዝም አልሁ።
ኮፈኑን ሲከፍቱልኝ ራሴን ነቀነቅሁ።

ዘምዘም ግን ከቦርሳዋ ማግኔቷን አወጣች፣
ወለል ላይ የወደቀ መርፌ የምትለቅምባትን፤
በሩ ላይ ስታስጠጋት ጥብቅ ብላ ያዘች፣
መስኮቱ ሥር ስትደርስ ዱብ ብላ ወደቀች።
«ይሄ ላሜራ አይደለም፤ ስቱኮ ነው፣ እራፊ።»
ይመር ሳቀ፤ «መካኒክ ነሽ ወይስ ልብስ ሰፊ?»
«ልብስ ሰፊ ነኝ» አለች፣ «ስለዚህ አትድከም።
ልብስ በፊቱ አይገዛም።
ግልባጩን አሳየን።»

ገባን። ፍራሹን ገልጣ ከሥሩ አሸተተች፣
ቁም ሣጥኑን ጎትታ ጀርባውን ዳሰሰች፣
የብየዳውን መስመር በጥፍሯ ተከተለች፤
እዚህ ቀጥ ያለ፣ እዚያ የተጣደፈ፣
«ይህን የሰፋው ሰው መሽቶበት ነበር» አለች።
የወለሉን ፕላስቲክ ከጥጉ ስታነሣ
አልጋው ራስጌ አጠገብ ክብ የዝገት ጠባሳ።

«እዚህ ምን ነበረ?»
«ምድጃ!» አለ ይመር፣ ሳይታሰብ ቸኩሎ።
«ምድጃው እኮ እዚያ ነው።»
«እንግዲያ… የአበባ ማሰሮ።»

ባለቤቱ ጋሽ አበጋዝ፣ ከጎማው ጥላ ሥር፣
እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልተናገሩም ነበር።
ተነሡ። ቁልፉን ያዙ።
«ሜዳ ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው» አሉ፣ «ኑ፣ ሐረጎን እናውጣው።»

እሳቸው ነዱ፣ ይመር ጋቢና፤ እኛ አልጋው ላይ ተቀምጠን
ሰሐን ሲንቀጫቀጭ ቦርከናን ተሻገርን።
ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ሞተሩ አቃሰተ፣
ማርሽ ቀነሱለት፣ አጉረመረመ፣ ጸና፣
ወጣ፤ እንደ ሽማግሌ፣ እያረፈ፣ ግን ወጣ።
ጠዋት የተውነው ጉም እዚያው ቆሞ ጠበቀን፤
ካፊያው ጀመረ።

ጠብ።
ዘምዘም ጣራውን አየች።
ጠብ።
ክቡ ዝገት መሐል፣ ልክ እምብርቱ ላይ።

ጋሽ አበጋዝ መኪናውን ዳር አቁመው መጡ፣
የኋላውን በር ከፍተው ደጃፉ ላይ ቆሙ።
«ሐምሌ ላይ ይብሳል። ለይመር ነግሬዋለሁ።
አሥራ አንድ ክረምት ደፈንኩት፤ አሥራ አንዴ ተከፈተ።»
ከአልጋው ሥር ጎትተው ጣሳ አወጡ፣
የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ከንፈሩ የተጣመመ፣
ዝገቱ ላይ አኖሩት።
ገባ፣ እንደ ቁልፍ በቀዳዳው።
«ሌሊት ድምፁ አያስተኛም» አሉን፣ እንደማፈር ብለው።

ይመር ከጋቢናው አልወረደም።
እኔ ጎማውን ልመታ ቃጣኝ።

ዘምዘም ከቦርሳዋ ቁራጭ ገበር አወጣች፣
አራት ቦታ አጠፈችው፣
ጣሳው ውስጥ አነጠፈች።
ጠብታው ወደቀ፣ ድምፅ የለውም።
እስከ አምስት ጠብታ ድረስ ቆጠረች፣ አዳመጠች፤
ከዚያ ነው ዋጋውን የጠየቀች።